የበረዶው ክምር ሲቀልጥ ስንት ውኃ ይወጣዋል?

ባለፈው ሐምሌ ከዘነበወርቅ ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር ስሄድ ድንገት በረዶ ጣለ። የታክሲው ሹፌር ለመስታወቱ ፈርቶ ዳር ያዘ፤ እኔም ወርጄ ካገኘሁት በር ሥር ተጠለልኩ። ለካ በሩ የሐጂ ኑሕ ኖሯል። ሐጂ የቅመም ነጋዴ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ስላስተማርኩ ያውቁኛል።

«መምህር ኢዮስያስ! ምን ውጭ ያቆምዎታል? ይግቡ እንጂ!» ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ።

በረዶው ሲያባራ ግቢው ነጭ ሆኖ ነበር። ሐጂ አካፋ አንስተው በረዶውን እየገፉ ከጥጉ፣ ከተከራያቸው ከዘመነች የጭቃ ቤት ግድግዳ ሥር ይከምሩት ጀመር። ዘመነች በቅርቡ የወለደች አራስ ናት።

ይህን ጊዜ የወንድማቸው ልጅ ጁወይሪያ ወጣች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የውኃ ምህንድስና ትማራለች፤ ስትናገር ረጋ ያለች ልጅ ናት።

«አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚያ አይከምሩት። ሲቀልጥ ግድግዳውን ይበላዋል።»

«በረዶ እኮ ነው ልጄ፣ ጎርፍ አይደለም። ፀሐይ ሲነካው መሬቱን አርሶ ይጠፋል። አባቴም እዚሁ ጥግ ነበር የሚከምሩት።»

«ያኔ ጥጉ ላይ ቤት ነበረ?»

ሐጂ አካፋውን ተደገፉ። «ቤቱንስ የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉ። ቢሆንም አልተረቱም። «ስንት ዘመን በረዶ ያየሁ ሰው ዛሬ ስለ በረዶ ልማር?»

አልፈረድኩባቸውም። በየዓመቱ የሚያዩትን ነገር አላውቀውም ማለት ለማንም ይከብዳል።

«ማየትዎን መች ካድኩ? ለክተውት ግን ያውቃሉ?» አለች ጁወይሪያ። የድልህ ጣሳ አምጥታ ለእርሳቸው ሰጠቻቸው። «ራስዎ ይሙሉት፤ ጠቀጠቅሽው እንዳይሉኝ።»

ሐጂ ፈገግ ብለው ከክምሩ ዘግነው ጣሳውን አፍ እስከ ገደፉ ሞሉት። እርሷም ቡታጋዙ ላይ አድርጋ፣ በረዶው እንደሟሟ ቶሎ አወረደችው። ሐጂ ጎንበስ ብለው አዩ። ውኃው ከጣሳው ግማሽ ትንሽ አለፍ ብሏል።

«ታዲያ የቀረው የት ሄደ? ተነነ?»

«አልተነነም፤ በበረዶው ፍሬዎች መካከል የነበረ አየር ነው። ከክምሩ ግማሽ ያህሉ ግን ውኃ ነው። አሁን ክምሩን ይዩት፤ ቁመቱ እስከ ጉልበትዎ ይደርሳል፣ ስፋቱ ሁለት አልጋ ያህላል። ሲቀልጥ አምስት በርሜል ውኃ ይወጣዋል። አምስት በርሜል ውኃ እዚያ ግድግዳ ሥር ያፈሳሉ፣ አጎቴ?»

ሐጂ ወደ ጭቃው ቤት ሄደው ከደጅ ተጣሩ።

«ዘመነች፣ አልጋሽ በየት በኩል ነው?»

«በጥጉ በኩል ነው ሐጂ። ብርድ እንዳይመታን ብዬ ከበሩ አራቅኩት። ምነው፣ በደኅና ነው?»

«በደኅና ነው፤ አንቺ ተኚ» አሉና ፊታቸውን ወደ እኛ መለሱ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሕፃኑ የተኛው እዚህ ሥር ነው። በሉ እናንሳው!»

ጃኬቴን አውልቄ አብሬያቸው ዛቅሁ። ጁወይሪያ አስቀድማ የደጁን ቦይ የዘጉትን ፌስታሎች አወጣች። ግማሹን በረዶ ወደዚያ ገፋነው፤ የቀረውን ለልብስ ማጠቢያ ይሆናል ብላ በርሜል ውስጥ ጨመረችው። ብዙም ሳይቆይ ፀሐይ ወጣች፤ በቦዩ ውስጥም ውኃ እየተንደቀደቀ ቁልቁል ወረደ። ሐጂ ቆመው አዩት።

«ይሄ ሁሉ ከዚያ ክምር?» አሉ። «እኔ እኮ ልጄ፣ የምታጠኚው የትልልቅ ግድብ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር።»

«የኛ ግቢም ውኃ አለው፣ አጎቴ።»

በዚያው ሳምንት ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ ጎረቤቶቻቸውን አሰባስበው የሰፈሩን ቦይ አስጠረጉ። በረዶ በጣለ ቁጥር ከቤት አርቀው እንዲያፈሱት፣ ንጹሑንም ለእጥበት እንዲያጠራቅሙት ነገሯቸው። ለዘመነችም ከግድግዳው ሥር የድንጋይ መሠረት አስገነቡላት። ሥራው ሲያልቅ ሕፃኑን ታቅፋ ወጥታ፣ እጇን ግድግዳው ላይ ብታሳርፍ ደረቅ ነበር።