አሥራ ሁለትን በዓርብ ቀን ያስካፈሉት የወይዘሮ ወርቅአየሁ ምህረቴ ዜና ሕይወት

ክቡራን ለቀስተኞች፣ በሰው ለቅሶ ላይ የዶሮና የድንች ነገር ማንሳት ነውር መሆኑ ለቤተ ዘመዱ ጠፍቶት አይደለም፤ ሆኖም የሟችን ሕይወት ከጓዳቸው ነጥሎ ለመጻፍ ቢሞከር ከልደታቸውና ከሞታቸው በቀር የሚነበብ ስላልተገኘ፣ በመካከል ሳቅ ለሚያመልጠው ሁሉ ከወዲሁ ይቅርታ እንለምናለን፤ የሚስቀውም ነጠላውን ወደ አፉ ጠጋ እንዲያደርግ በትሕትና እናሳስባለን።

ወይዘሮ ወርቅአየሁ ከአባታቸው ከመሪጌታ ምህረቴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጋ በ1910 ዓ.ም. በአዲስ ቅዳም አቅራቢያ ተወለዱ። መሪጌታ በደጀ ሰላሙ ለወንዶች ልጆች ፊደል ሲያስቆጥሩ ልጃቸው ለተማሪዎቹ ቆሎ ይቆሉ ነበርና፣ ወንዶቹ እየተቆነጠጡ የተማሩትን እሳቸው ቆሎ እያማሰሉ ሳይቆነጠጡ ተማሩት። ዕውቀት ያለ እሳት አይበስልም የሚለው ጽኑ እምነታቸው ከዚያ ዘመን የቀረ ነው።

ዕድሜያቸው ለአቅመ ሔዋን በደረሰ ጊዜ፣ በፈረስ ጉግሥና በሸንጎ ክርክር ስማቸው ከተጠራው፣ ዛሬም በመካከላችን ከሚገኙት ከግራዝማች ክንዴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አበረንና ማናለብሽን ወለዱ። አበረ ጊዜው ሲደርስ ዳንግላ ለትምህርት ተላከ። የማናለብሽ ተራ ሲደርስ ግን ግራዝማች «ሴት ልጅ ከጓዳ አትወጣም» ብለው ቆረጡ። ሟችም ባላቸውን እምቢ ብለው የማያውቁ ሴት ነበሩና «እሺ ጌታዬ» አሉ፤ ልጅቱንም ከጓዳ አላወጧትም። ትምህርት ቤቱን ወደ ጓዳ አስገቡት እንጂ።

ትምህርቱም እንዲህ ነበር። በሰፌድ ላይ ዱቄት ተነስንሶ በጣት ይጻፋል፤ የተሳሳተው ይነፋል፣ የተስተካከለው ይቦካል። ሽንኩርት የሚቁላላው ፊደሉ ከሀ እስከ ፐ ሁለት ጊዜ እስኪቆጠር ነው፤ ልጅቱ መካከል ላይ ከተደናቀፈች ሽንኩርቱ ያራል። ግራዝማች ማታ ወጡን ቀምሰው «ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?» ሲሉ፣ ሟች አንገታቸውን ደፍተው «ጸ ላይ ቆይታብኝ ነው» ይሉ ነበር፤ ግራዝማችም ጸ የምትባል ጎረቤት መጥታ ሥራ ያስፈታች እየመሰላቸው ያልፉታል። መደመር በድንች ሆነ፣ መቀነስ በባቄላ እሸት፤ እሸቱን የምትበላው ራሷ ልጅቱ ስለሆነች መቀነስን የሚያህል የምትወደው ትምህርት አልነበረም።

ማካፈል ግን አስቸገረ። የሚካፈል ነገር እንደሆነ ድፎ ዳቦ ነበረ፤ ዳቦ ቆርሶ ማደል ደግሞ የአባወራው ሥልጣን ነውና ሟች ባላቸው ሳሉ ቢላዋ አያነሱበትም። ስለዚህ ማካፈል በዶሮ እንዲሆን ተወሰነ፤ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ነው፣ ፈረሰኛው የማን እንደሆነም ይታወቃል። ዶሮ የሚታረደው በዓመት በዓል ብቻ ስለሆነ ማናለብሽ ማካፈልን የተማረችው ገናና ፋሲካ እየጠበቀች ነው።

በ1953 ዓ.ም. መግቢያ ግምጃ ቤት ከሚባለው አገር ሽማግሎች መጥተው ማናለብሽን ለጋብቻ ጠየቁ። ሟች በዚያን ጊዜ፣ በትዳር ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንድ ነገር ለመኑ፤ ልጅቱ ዳንግላ ሄዳ ለሦስተኛ ክፍል ትፈተን አሉ። ግራዝማችም የጓዳ ልጅ እንደምትወድቅ እርግጠኛ ስለነበሩ «ካለፈች ትማር፤ ከወደቀች ግን በጥር ትዳራለች፣ የትምህርት ነገር በዚህ ቤት ሁለተኛ አይነሳም» ብለው ፈረሳቸውን ጫኑ፤ ሟችም ስንቅ ይዘው ከልጅቱ ጋር ተከተሉ።

ፈታኙ መምህር ዓለምነው የሚባሉ ወጣት ነበሩ። ልጅቱ ፊደሉን ቆጠረች፤ ጨርሳም ሳትታዘዝ እንደገና ከሀ ጀመረች።

«ይበቃል፣ አንዴ ይበቃል» ቢሏት፣

«አንዴማ ከሆነ ጥሬ ነው፣ የኔታ» አለቻቸው።

መምህሩ ነገሩ ባይገባቸውም አላለፉትም፤ ምልክት አደረጉላት። መደመሩንም መቀነሱንም ምራቋን እየዋጠች ሠራችው። ቀጥለው አሥራ ሁለትን ለአራት አካፍዪ ሲሏት ግን ቀና ብላ አየቻቸው። ደገሙላት። ዙሪያዋን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«የኔታ፣ ዛሬ ዓርብ እኮ ነው» አለች።

«ቢሆንስ?»

«በጾም ይካፈላል እንዴ? ኃጢአት አይደለም?»

«እሺ ድንች ነው በይው!»

«ድንች ይደመራል እንጂ መች ይካፈላል!»

መምህሩ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ደጅ ፈረሳቸውን ይዘው የቆሙት ግራዝማች «አላልኩም?» ብለው ልጓሙን አጠበቁ። ሟች በዚህን ጊዜ ስንቃቸውን ፈትተው ያልተቆረሰ ሙሉ ድፎ ከነቢላዋው በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ አኖሩና እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። መምህሩ የዋህ ስለነበሩ ቢላዋውን አነሱ።

«እጅህን ሰብስብ!» አሉ ግራዝማች፣ ፈረሱን ለቀው እየገቡ። «እኔ በቁሜ ዳቦዬን ማን ነው የሚቆርሰው? በማን ቤት አደግህ አንተ?»

ባርከውም በሥርዓቱ አሥራ ሁለት ቦታ ቆረሱት። ማናለብሽ የአባቷን እጅ ስታይ ፊቷ በራ፤ ዳቦ ነዋ፣ የጾም ነው! ለመምህሩ ሦስት፣ ለአባቷ ሦስት፣ ለእናቷ ሦስት፣ ለራሷም ሦስት አደለች።

ግራዝማች መዳፋቸውን አይተው የሴቶቹን አዩ። «ለእኔም ሦስት?»

«ሲካፈል እኮ እኩል ነው፣ አባዬ» አለች።

ቅዳሴ ስላልወጣ መብላት አልተቻለም፤ አራቱም ሦስት ሦስት ቁራሽ ይዘው ተቀመጡ፤ ግራዝማችም እጃቸው ስለ ተያዘ ልጅቱ ስትመዘገብ መከልከል አልሆነላቸውም። ከዚያች ዓርብ ጀምሮ ግን በገበያም በማኅበርም «ልጄን ማካፈል ያስተማርኳት እኔ ነኝ» ሲሉ ኖሩ፤ ሟችም አጠገባቸው ሆነው «እውነት ነው» ይሉ ነበር። ለመንገድ ስንቅ ሁልጊዜ በባላቸው አስቆርሰው የሚቋጥሩ ሴት ያን ቀን ዳቦውን ለምን ሳይቆረስ ከነቢላዋው እንደያዙ ግን የጠየቃቸው አልነበረም።

ማናለብሽ ዛሬ መምህርት ናት። ወይዘሮ ወርቅአየሁ በሆድ ሕመም በተኙ ጊዜ መጥታ ሽሮ ሠርታ ብታጎርሳቸው፣ ቀምሰው «አንዴ ብቻ ቆጥረሽ አወጣሽው» አሏት። በማግሥቱ ግራዝማች ካልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው አንዲት ትንሽ ዳቦ ለሁለት ቆረሱ፤ ሁለቱን ቁራሽ በመዳፋቸው መዘን መዘን አድርገው፣ ከበለጠው ቆንጥረው ወደሌላው ጨመሩና አንዱን ሰጧቸው። ሟችም መብላት ባይችሉም እጃቸው ውስጥ ይዘውት አደሩ። በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸውን ግራዝማች ክንዴን፣ ልጆቻቸውን አበረንና ማናለብሽን፣ እንዲሁም ጓዳቸው ውስጥ ፊደል ቆጥረው የወጡ የጎረቤት ሴቶች ልጆችን ትተው ሄደዋል። ለሁሉ እኩል የሚያድል አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማዕድ ያስቀምጥልን፤ አሜን።

በመጨረሻም፣ ግራዝማች ከድንኳኑ በስተቀኝ ተቀምጠዋል፤ ጆሯቸው ከበድ ስለሚል ይህ ሁሉ ሲነበብ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር። ማካፈልን ማን እንዳስተማረ ወይዘሮ ወርቅአየሁ አርመዋቸው አያውቁምና፣ እናንተም ከዚህ ስትወጡ ለማንም እንዳትደግሙት አደራ።