ጋሽ ደረቴና ሁለተኛው እጅ

መድኃኒት ቤት የሳል ሽሮፕ ልገዛ ተሰልፌ ሳለ ከፊቴ የቆሙትን ሰው ከጀርባቸው አወቅኋቸው። እንዲያ ደረቱን ነፍቶ፣ ወገቡን ወደ ኋላ ለጥጦ የሚቆም ሰው በሰፈራችን አንድ ብቻ ነው። የእህል መጋዘኑ ዘበኛ ናቸው፤ ሰፈሩ ግን ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም ረስቶ ጋሽ ደረቴ ይላቸዋል። የግራ አውራ ጣታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ዱባ አክሏል።

«ምን አገኘዎት ጋሽ ደረቴ?»

«በር ቆረጠኝ።»

«የምን በር ነው እንዲህ ሰው የሚበላው?»

ግራ ቀኙን ቃኙና እጅጌዬን ይዘው ወደ ውጭ አወጡኝ።

«መምህር፣ አንተን አልዋሽህም። ሽጉጥ ነው። አሮጌዎቹን ሰብስበው አዲስ አደሉን። ዓርብ ተኩሰን እንፈተናለን፤ ዒላማውን የሳተ ሽጉጡን አስረክቦ ቤቱ ይገባል። ትናንት ልምምድ ላይ በሁለት እጅ ያዙ አሉን። ያዝኩ። ይኸው ውጤቱ! ድሮም በሁለት እጅ የሚይዝ የፈራ ሰው ነው።»

የሰው ልጅ መቼም ጥፋቱን የሚያሸክመው አያጣም፤ ጋሽ ደረቴ ለገዛ ግራ እጃቸው አሸከሙት።

«የእህትዎ ልጅ እኮ የዘበኞች አሰልጣኝ ናት። ለምን አይጠይቋትም?»

«እሷን? አዝዬ ያሳደግኳትን? ከጠየቅኋት ታውቅብኛለች።»

«ምኑን?»

 ደረታቸው ሲሟሽሽ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ከትናንት በፊት ተኩሼ እንደማላውቅ» አሉ በሹክሹክታ። «ልጅቷ ሳትወለድ ጀምሮ ታጥቄያለሁ፤ አንድም ቀን አልተኮስኩም። ሌባ አልመጣም፤ እኔም ና ብዬ አልጠራሁት።»

ሳቄን ዋጥኩት። አንድን ሰው ዕድሜውን ሙሉ የታጠቀውን ነገር እንዳይማር የከለከለው እፍረት ብቻ መሆኑ ግን ያስቆጫል። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል» አልኳቸው። «በእርስዎ የመጣው ደግሞ ከሹመት ይብሳል፤ ሥራዎ ነው የሚቀረው።» እያጉረመረሙም ቢሆን ተከተሉኝ።

አሰልጣኟን ያገኘናት ከማሠልጠኛው ጓሮ፣ ጥይት ከሚያቆመው የአፈር ክምር ፊት ለፊት ነው። አጎቷ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ምስጢራቸውን ነገሯት። አልሳቀችም። ሽጉጡን ተቀበለች፣ ጥይቱን አወጣች፣ ባዶ መሆኑን ለራሷ አይታ ለእኛም አሳየችን።

«ጋሼ፣ እስቲ እንደለመዱት ይቁሙልኝ። ጣትዎ ቃታው ላይ አይግባ፤ ለመተኮስ እስኪወስኑ ድረስ ከጎኑ ተዘርግቶ ይቆያል። አፈሙዙም ከአፈር ክምሩ ወደ ሌላ አይዙር።»

በጎናቸው ዞሩ። እግራቸውን ገጥመው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ አንድ እጃቸውን ዘረጉ። ፎቶ ቤት የቆሙ ሙሽራ እንጂ ተኳሽ አይመስሉም ነበር። ልጅቷ በመዳፏ ትከሻቸውን ገፋ ብታደርገው ወደ ኋላ ተንገዳገዱ።

«ገፋሽኝ እኮ!»

«እኔስ በአክብሮት ነው ጋሼ፤ ሽጉጡ ግን ትልቅ ሰው አያውቅም። ዘበኛ ሳይሆኑ በፊት ጆንያ ከመኪና ላይ ሲቀበሉ እንዲህ ነበር የሚቆሙት?»

«እንዲህማ ብቀበል ወገቤ ይቀነጠስ ነበር!»

«እንዴት ነበር ታዲያ?»

እግራቸውን በትከሻቸው ልክ ከፈቱ፤ አንደኛውን ጥቂት ወደ ኋላ አደረጉ፤ ጉልበታቸውን ሰበር፣ ትከሻቸውን ወደ ፊት ዘንበል አደረጉ። ገፋቻቸው፤ ንቅንቅ አላሉም።

«ይኸው! አቋቋሙን ከእኔ በፊት ያውቁታል።»

ደስ አላቸው፤ ግን በዋዛ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «አቋቋሙስ ይሁን። ሁለት እጅን ግን አልቀበልም። ጣቴን አታዪም?»

«የቆረጠዎት ሁለተኛው እጅ አይደለም ጋሼ፤ አውራ ጣትዎ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ሲተኮስ ይህ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ይወረወራል። ጣትዎ ከኋላው ሆኖ መንገዱን ዘጋበት። መንገድ ላይ የተኛን ሰው መኪና ቢገጨው ጥፋቱ የማን ነው?»

«የተኛው ነዋ» አሉ ሳይወዱ።

«በአንድ እጅ ከሆነ ደግሞ ሽጉጡ እንደ ልቡ ይዘላል። ሁለተኛው እጅ በእጀታው ጎን የቀረውን ባዶ ቦታ ሞልቶ ያረጋጋዋል።»

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ብዬ ጣልቃ ገባሁ፤ አስተማሪ ዝም ማለት አይሆንለትም።

«ሰው ፈራ ይለኛል» አሉ ጋሽ ደረቴ።

ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ከመጋዘኑ አጥር ማዶ ምን አለ?»

«ትምህርት ቤት።»

«የሳቱት ጥይት የት ያርፋል?»

 ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ድንጋጤ አልረሳውም። እስከዚያች ሰዓት ፈተናው የእሳቸው ብቻ መስሏቸው ነበር። ቀስ ብለው በፋሻ የተጠቀለለውን እጃቸውን ዘረጉላት።

«እንቺ ልጄ፤ ቦታውን አሳዪኝ።»

የቀኝ መዳፋቸውን እጀታው ላይ ከፍ አድርጋ አስያዘቻቸው። የግራ ጣቶቻቸውን በቀኞቹ ላይ ደርባ፣ ሁለቱንም አውራ ጣቶች በአንድ ጎን ወደ ፊት አስተኛቻቸው። የታመመውን ስትነካ እንደ ዕንቁላል ነበር የምትይዘው። «ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን ነው ሲባል፣ እጄን ይዘው ትምህርት ቤት ያደረሱኝ እርስዎ ነዎት» አለች። «ዛሬ ተራው የእኔ ነው።»

አጎትየው አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። እኔም እንደዚያው።

ዓርብ ዕለት እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። ጋሽ ደረቴ ጆንያ እንደሚቀበል ሰው ቆሙ፤ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ቃታውን ሳይቸኩሉ ሳቡ። ጥይቶቹ ሁሉ ዒላማው ላይ አረፉ። ባልደረቦቻቸው «ድሮስ የልምድን ነገር!» እያሉ ከበቧቸው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሙገሳውን አጣጥመው ይውጡት ነበር።

«የምን ልምድ!» አሉ ጮክ ብለው። «እስከዚህ ሳምንት ድረስ ተኩሼ አላውቅም። አላውቅም ለማለት አፍሬ፣ ከአጥሩ ማዶ ባሉት ተማሪዎች ላይ አደጋ ላመጣ ነበር። ያስተማረችኝ ይህች የእህቴ ልጅ ናት፤ እግዜር ይስጥልኝ።» ብለው በሰው ሁሉ ፊት ጎንበስ አሉላት። እሷም ደንግጣ ከእሳቸው በታች ጎነበሰች።

መማር ያስገኘላቸውን ለመናገር ብዙ መፈላሰፍ አያሻም፤ ሥራቸው ተረፈ፣ ጣታቸው ዳነ፣ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ልጆችም ሳያውቁት አንድ ስጋት ቀነሰላቸው። ትልቁን ጥቅም ግን ያየሁት ወዲያው ነው። ተራው የደረሰው የኋላ በር ዘበኛ፣ ፂሙ የነጣ ዝምተኛ ሰው፣ ሽጉጡን ሳይተኩስ ሊያስረክብ ወደ አለቃው ሲሄድ መንገድ ላይ ቆመ።

«እኔም» አለ ወደ እኛ ዞሮ። «እኔም ተኩሼ አላውቅም።»

ማንም አልሳቀም። ከወዲያ ሌላው እጁን አወጣ፤ ከወዲህም ሌላ። አለቃው ግንባሩን እያሸ ፈተናውን ለመጪው ዓርብ አሸጋገረው። ጋሽ ደረቴ ዝምተኛውን ሰውዬ ክንዱን ያዙት።

«ና ወንድሜ፣ አብረን እንሂድ» አሉት። «እኔም ገና ተማሪ ነኝ።»