የዳንቢ ጠፍጣፋ ዓሣ

በነሐሴ ወር በአንድ ማለዳ የምሸጠውን ቶፉ፣ የአኩሪ አተሩን አይብ፣ ያፈላሁበትን ድስት አጥቤ፣ ባዶ ካርቶኖቼን ተሸክሜ ወደ ሠፈራችን የቆሻሻ መለያ ቦታ ስወጣ ከክዎንሳ ማልሱን ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ክዎንሳ በቤተ ክርስቲያናችን በአገልግሎት ለቆዩ አረጋውያን ሴቶች የሚሰጥ ማዕረግ ነው። ሌሎችም ባለማዕረግ ሴቶች አሉን፤ ነገር ግን በእኛ መንደር «ክዎንሳ መጡ» ከተባለ የትኛዋ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ከንጋት ጸሎት መውጣታቸው ነበር። ሰው ከጸሎት ሲወጣ ፊቱ ዘና ይላል፤ የእርሳቸው ፊት ግን ከዓሣ ነጋዴ ጋር ተጨቃጭቆ የተሸነፈ ሰው ፊት ይመስል ነበር። ሲያዩኝ አንድ የታጨቀ ከረጢት ከጀርባቸው ሊደብቁ ሞከሩ። ከረጢቱ ከእርሳቸው ስለሚሰፋ አልተደበቀም።

«እንደምን አደሩ ክዎንሳ? ምን ተሸክመው ነው?» አልኳቸው።

«ቆሻሻ ነዋ! ሰው ቆሻሻ መጣያ ምን ይዞ ይመጣል?»

«ቆሻሻው ስም ተጽፎበታል እኮ። ይኸው፣ ‹ዳንቢ› ይላል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን ቶፉህ ላይ ብታደርግ ምን ነበረበት!»

ከረጢቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለነበር ውስጡ ተጨማድደው የተኙትን የወረቀት ዓሦች አየኋቸው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ፤ አንዱ ጅራት የሌለው፣ አንዱ ሦስት ጅራት ያለው። ወዲያው ነገሩ ገባኝ።

ለአንባቢዬ ግን ከሥሩ ልንገር። በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤተ ክርስቲያናችን ለልጆች የሦስት ቀን የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ታዘጋጃለች። የአዳራሹን ጌጥ ከጥንት ጀምሮ የሚሠሩት ክዎንሳ ማልሱን ናቸው። ለጌጥ የሚሆነውን ፎም በጋለ ሽቦ ሲቆርጡት ቅቤ የሚቆርጡ ይመስላል። የኖኅ መርከባቸውን ፎቶ ለማንሳት ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ሰው መጥቶ ያውቃል፤ ይህንንም በቶፉ ወረፋ ላይ ሳያነሱት የዋሉበት ቀን ትዝ አይለኝም። ልጆቹስ? ልጆቹ እጃቸውን አጣምረው ይቀመጣሉ። በሩ ላይ በሚያምር ጽሕፈት «በዓይን ብቻ!» ተብሎ ተለጥፏል።

ዘንድሮ ያንግ ሶልቢ የምትባል ወጣት መምህርት ተቀጠረች። የሕፃናት አስተዳደግ የተማረች፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። የዘንድሮው ታሪክ ዮናስና ዓሣ አንበሪው ስለሆነ ባሕሩን ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት አለች። በመጀመሪያው ቀን ታሪኩን እየሰሙ እያንዳንዱ የራሱን ዓሣ ይሠራል፤ በሁለተኛው ቀን ባሕሩን ጨርሰው በውስጡ ይጫወታሉ፤ በሦስተኛው ቀን ወላጆች ሲመጡ እያንዳንዱ ልጅ ከዓሣው አጠገብ ቆሞ ታሪኩን ለእናት ለአባቱ ይተርካል። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችም ተስማሙ። ክዎንሳን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማንም አላማከራቸውም። ጥፋት ነበር። እርሳቸውም የአዳራሹንና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከአንገታቸው ሳያወልቁ ዝም አሉ። ዝም ያሉት ግን በአፋቸው ብቻ ነበር፤ ይኸው በሁለተኛው ቀን ማለዳ ከረጢቱን ይዘው አገኘኋቸው።

«ታዲያ የልጆቹን ዓሣ አንሥተው በምን ተኩት?» አልኳቸው።

«በዓሣ! ዓሣ በሚመስል ዓሣ! ቤቴ ቁጭ ብዬ የሠራሁት ነበረኝ። አንተ ትናንት ግድግዳውን አይተኸዋል? የጫማ ሶል የመሰለ ነገር ሰቅለው ‹ዓሣ ነው› ይላሉ። የማዶዎቹ ዘንድሮ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚደርስ የፊኛ ዓሣ አንበሪ አቁመዋል። እኛ ምን እንበል? የጫማ ሶል አለን እንበል?»

«የከፋዎት የማዶዎቹ ፊኛ ነው ወይስ መምህርቷ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጆቹ ያቅፏታል» አሉኝ። «ይህን ሁሉ ዓመት ጣቴ እስኪላጥ ስቆርጥላቸው አንድም ልጅ አቅፎኝ አያውቅም። ወገባቸውን ሰበር አድርገው ‹እናመሰግናለን ክዎንሳ› ብለው ይሮጣሉ። እሷ ትናንት መጥታ፣ ሙጫ በሙጫ ሆና ወለል ላይ ተዘርግታ፣ አንገቷ ላይ ተንጠለጠሉ። ምን ሰጠቻቸው? መቀስ! የኔን መቀስ!»

እኔ በሰው ቅናት የምስቅ ሰው ነኝ፣ ይህኛው ግን አላሳቀኝም። «አምጡት፣ እኔ እጥልልዎታለሁ» አልኩና ከረጢቱን ተቀበልኳቸው። ካርቶኔን ጣልኩ፤ ከረጢቱን ግን ወደ ሱቄ ይዤው ገባሁና ከአኩሪ አተሩ ጆንያ አጠገብ አስቀመጥኩት።

ረፈድ ሲል ለልጆቹ ምሳ የታዘዘውን ቶፉ ይዤ ሄድኩ። አዳራሹ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ያምር ነበር። ዓሦቹ ሁሉ እኩል፣ ሁሉ ወርቃማ፣ ሁሉ ወደ አንድ ወገን የሚዋኙ። ልጆቹ ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ እየተንጫጩ ገቡና ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ይፈልጉ ጀመር። «የኔስ?» «የኔ እዚህ ጋ ነበር!»

ዳንቢ አልጠየቀችም። እናቷ በወደብ ገበያ ዓሣ የምትሸጥ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ገብታ የማታውቅ ሴት ናት። በሦስተኛው ቀን ሱቋን ቀድማ ዘግታ እንደምትመጣ ለልጇ ቃል ገብታላት ነበር። ዳንቢ ግድግዳውን አየች፣ ወደ በሩ ተመለሰች፣ ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች።

«ወዴት ነው ዳንቢዬ?» አለቻት መምህርት ሶልቢ።

«የኔ መጥፎ ስለሆነ ነው የተጣለው። እናቴን አትምጪ እላታለሁ።»

ወጥታ ደረጃው ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች። ክዎንሳ ማልሱን በማድ ቤቱ በር ቆመው ያያሉ፤ በእጃቸው ከያዙት ጭልፋ ውኃ ጫማቸው ላይ ይንጠባጠባል።

መምህርት ሶልቢ ልጆቹን መዝሙር አስጀምራ ወደ ማድ ቤቱ መጣች። ማን እንዳደረገው አልጠየቀችም፤ ቁልፉ ያለው በአንድ አንገት ላይ ብቻ ነው። ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠችና፣ «ክዎንሳ፣ ዓሦችዎ በጣም ያምራሉ። እኔ እንዲህ መቁረጥ አልችልም» አለች።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ መምህርት። እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ እኛ በልማድ ነው የምንሠራው» አሉ ክዎንሳ። እኚህ ሴት «አንቺ» ትተው «እርስዎ» ሲሉ ነው የምፈራቸው።

«አስቀድሜ መጥቼ ልጠይቅዎ ይገባኝ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን ልጆቹ ዓሦቻቸውን ይፈልጋሉ።»

«መምህርት፣ ይህ የእግዚአብሔር ቤት ነው። ለእግዚአብሔር የሚቀርበው ያማረው ነው ወይስ የተንሻፈፈው? ነገ ወላጆች ይመጣሉ። የሙጫ ጭቅቅት አይተው ‹ልጆቻችንን ለማን ነው የሰጠናቸው› ቢሉ ማን ይመልሳል?»

«ዝግጅቱ የማን ነው ክዎንሳ?»

«የልጆቹ ነዋ! እኔ ለነሱ ስል አይደል እንዴ የምለፋው?»

«እንግዲያው እነሱ ምን ይሥሩ? ሲቀመጡ ሰዓት ያያሉ። እጃቸው ሥራ ሲይዝ ግን ጆሯቸው ይከፈታል። ትናንት ወረቀት እየቆረጡ፣ ‹ዮናስ ዓሣው ሆድ ውስጥ ምን ምን ሸተተው?› አልኳቸው። ሁሉም እየሳቁ አፍንጫቸውን ያዙ። ዳንቢ ብቻ፣ ‹እንደ እናቴ ሽርጥ ሸትቶት ይሆናል፤ ስለዚህ አልፈራም› አለች። ክዎንሳ፣ እኔ ይህን ስብከት ከየት አመጣዋለሁ?»

ክዎንሳ ጭልፋውን አስቀመጡ። ወዲያው ግን ቅናት እንደገና ቀና አለ። «ጎበዝ ናት እንበል። ግን ዓሣዋን አይተውታል? ሁለቱንም ዓይን በአንድ ጎን ነው የለጠፈችው! ሌላው ጎን ባዶ! ይህን ወላጅ ፊት ሰቅዬ ልጅቷን ላሳፍራት? ለሷው አዝኜ ነው።»

እዚህ ላይ እኔ፣ ማድ ቤቱ ውስጥ ቶፉዬን እያራገፍኩ የነበርኩት አመላላሽ፣ ዝም ማለት አቃተኝ።

«ክዎንሳ፣ ይቅርታ፣ ትናንት ራት ምን በሉ?»

«አሁን የራት ሰዓት ነው? ጋጃሚ ጠብሼ በላሁ። ምነው?»

«ጋጃሚው ዓይኑ የት ነበር?»

እኚህ ሴት ባሕር ዳር ተወልደው፣ ባሕር ዳር ያረጁ ናቸው። ጋጃሚ አሸዋ ላይ በጎኑ ተኝቶ የሚኖር ጠፍጣፋ ዓሣ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ዓይኖቹ ወደ ላይኛው ጎኑ ዞረው ነው የሚገኙት። ይህን እንኳን ክዎንሳ፣ በእኛ መንደር ጥርሱን ያልነቀለ ልጅም ያውቀዋል። በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።

«በአንድ ጎን…» አሉ ቀስ ብለው። «ልጅቷ ጋጃሚ ነው የሠራችው። እናቷ የምትሸጠውን።» ከዚያ በሽርጣቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ። «እኔ ዓሣውን መች አየሁት? እኔ ያየሁት የመምህርቷን ሥራ ነው። ዕድሜ ልኬን የበለትኩትን ዓሣ ለይቼ ማወቅ አቃተኝ!»

መምህርት ሶልቢ ከአጠገባቸው ተንበረከከች። «ክዎንሳ፣ እኔም በርስዎ ቀንቻለሁ እኮ። በመጣሁ ቀን ሁሉም ሰው፣ ‹የክዎንሳን መርከብ አይተሽ ቢሆን› ነበር የሚለኝ። ካማከርኩዎ የኔ ሥራ ምንም ሆኖ ይቀራል ብዬ ነው ተደብቄ ለሽማግሌዎቹ የነገርኩት።»

ክዎንሳ ሽርጡን ከፊታቸው አወረዱ። «አንቺ? በኔ?» አሉ። «አንቺ» ሲሉ ትንፋሼ ተመለሰ። ሲቀኑባቸው ደስ እንዳላቸው መደበቅ አልቻሉም።

ሮጬ ከረጢቱን ከሱቄ አመጣሁ። ክዎንሳ ከውስጡ ጠፍጣፋውን ዓሣ ለቀም አድርገው አወጡና በመዳፋቸው አስተካክለው ወደ ደረጃው ወጡ። ዳንቢ አጠገብ ተቀመጡ። በእኛ አገር ሽማግሌ ለሕፃን አንገት አይደፋም፤ እርሳቸው ግን ደፉ።

«ዳንቢ፣ ዓሣሽን ያነሣሁት እኔ ነኝ። መጥፎ ስለሆነ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ቀናሁ።»

ልጅቷ ዓሣዋን አየች፣ እርሳቸውን አየች። «በጋጃሚ?»

«አዎ፣ በጋጃሚ።»

ዳንቢ በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች፣ ሳቋም አላቆም ሲላት ክዎንሳ ትከሻ ላይ ወደቀች። ማቀፍም ይመስል ነበር። ክዎንሳ ንቅንቅ አላሉም፤ ወፍ እላያቸው ላይ ያረፈች ያህል ተጠነቀቁ።

ከዚያ በኋላ አዳራሹ ገበያ ሆነ። ክዎንሳ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው የዕቃ ቤቱን በር ወለል አድርገው ከፈቱት። «ይህ ክር ልጆቹ እጅ ድረስ ዝቅ ይበል!» «መምህርት፣ ማዕበሉን እኔ ልቁረጥ፣ አረፋውን እነሱ ይለጥፉ!» ይላሉ። ትንንሾቹን መቀስ እንዴት እንደሚያዝ ሲያሳዩ አየሁ፤ መምህርት ሶልቢም አጠገባቸው ቆማ እንደ ልጆቹ ትማር ነበር። ወርቃማዎቹ ዓሦችም አልተጣሉም፤ ከልጆቹ ዓሦች መካከል ገብተው ተሰቀሉ፣ ለብቻቸው ከነበሩበት ጊዜ ይልቅም አማሩ።

በሦስተኛው ቀን የዳንቢ እናት ከነሽርጧ መጣች። በሩ ላይ ጫማዋን አውልቃ፣ ልብሷ እንዳይሸት ፈርታ ከግድግዳው ራቅ ብላ ቆመች። ዳንቢ እጇን ይዛ ወሰደቻትና፣ «እማዬ፣ ዮናስ ሲወረወር ይህ ጋጃሚ ከታች አሸዋ ላይ ተኝቶ ነበር። በሁለቱም ዓይኑ ወደ ላይ ስለሚያይ ሁሉን አየ» ብላ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ተረከችላት። እናቲቱ ስትወጣ፣ «እሑድ ስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት?» ብላ ክዎንሳን ጠየቀች።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ እኔ ትምህርቴ ከአኩሪ አተር ብዙም አያልፍም፤ ያየሁትን ግን ልበል። ልጅ በእጁ የሠራውን ታሪክ ቤቱ ይዞት ይሄዳል፤ የተመለከተውን ብቻ ግን አዳራሹ ውስጥ ትቶት ይወጣል። ስሙ ግድግዳ ላይ ያለ ልጅ ቤቱ የእኔ ነው ይላል፣ እናቱንም ይጠራል። ትልልቆቹም ቢሆኑ ሥራውን አስቀድመው አብረው ቢያቅዱ፣ የማያውቀው የሚያውቀውን ቢያማክር፣ ወረቀትም ጊዜም አይባክንም፣ ሰውም አይቀያየምም። ዘንድሮ ለገና ልጆቹ ከዋክብት ሊሠሩ ነው፤ ዕቅዱን ሁለቱ ሴቶች ሱቄ ውስጥ ተቀምጠው እየተጨቃጨቁ እያወጡት ነው፣ ወረፋዬንም ዘግተውብኛል።

ክዎንሳ ቅናታቸው ለቀቃቸው እንዳልል ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። በዚያ በመጨረሻው ቀን ወላጆች ሁሉ ጋጃሚውን ከብበው ሲያደንቁ፣ እርሳቸው ዝግ ብለው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ጥግ ላይ የተሰቀለውን የራሳቸውን ወርቃማ ዓሣ ትንሽ ወደ መሐል ሊያስጠጉት እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ዳንቢ ከኋላቸው ደረሰች።

«ክዎንሳ!» አለች ጣቷን ቀስራ። «በዓይን ብቻ!»