ወደ ግራ የሚሄደው ቀስት

ባለቤቴ ላሊበላ ለሚመጣ ቱሪስት ቀስትና ደጋን እየሠራ ይሸጥ ነበር። ካረፈ በኋላ ነው፤ አንድ ፈረንጅ ከእሱ የገዛውን ይዞ ከአስጎብኚው ጋር ደጄ ድረስ መጣላችሁ። "ቀስቱ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይሄድበታል፤ ሠሪው ያስተካክልልኝ ይላል" አለኝ አስጎብኚው። ነገሩ ዞረብኝ፤ እኔ ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ነበር የሚመስለኝ። የሟች ስም በማይረባ ሥራ ሲነሳ ደግሞ ከፋኝ። ማረፉን ስነግራቸው ፈረንጁ አዝኖ፣ ራሱ ሊያቃናው ሰንጢ አወጣና ቀስቱን ሊፍቅ ሲል "ተው፣ የእሱን የእጅ ሥራ አትንካብኝ!" ብዬ ጮኽኩ። "እትዬ፣ ገዝቶታል እኮ!" ብሎ አስጎብኚው ሳቀብኝ።

ፈረንጁ ግን ሰንጢውን ትቶ የደጋኑን መያዣ በጣቱ ዳሰሰ። በአንድ በኩል ብቻ ሳሳ ብሎ ተፍቋል። ደጋኑን ወደ ቀኝ እጁ አዛውሮ፣ በግራው ስቦ ቀስቱን ቢለቀው ቀጥ ብሎ ሄዶ አጥሩ ላይ ተሰካ። "ሥራው እንከን የለውም፤ የተሠራው ለግራኝ ነው ይላል። ባለቤትዎ ግራኝ ነበሩ እንዴ?" አለኝ አስጎብኚው።

"ምን ነካህ! በቀኙ የሚበላ፣ በቀኙ የሚያማትብ ሰው!" አልኩት።

ከዚያ ሄጄ አማቴን ጠየቅኋቸው። "በልጅነቱ ግራ እጁን እያሰርኩ አስጥዬው ነበር፤ የተወ መስሎኝ!" አሉኝ፤ እሳቸውም ደንግጠው። ባለቤቴ ሲሠራ በሩን ለምን እንደሚዘጋ ስጠይቀው "ፍቅፋቂው ዓይንሽ እንዳይገባ ነው" ይለኝ ነበር።