ከኋላ ወንበር የመጣው ሳቅ

ሳቅ ያስፈራል ብትሉኝ አላምንም ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ መናኸሪያ ውስጥ፣ የሻሸመኔው ሚኒባስ እስኪሞላ ተቀምጬ ነው ያየሁት። ከጓደኛዬ ከብሩክ ጋር ስለዚያ ሁሉም ስለሚያወራለት የሱፐር ሂሮ ፊልም ክርክር ይዘናል። ክፍል ሁለት ሊወጣ ነው፤ ክፉውን ሰውዬ ማን ይሠራዋል? ብሩክ «ራሰ በራው ነው ባክህ፣ ቴሌግራም ላይ ወጥቷል» ይላል። እኔ ደግሞ «ያ ዝምተኛው ካልሆነ ፊልሙንም አላየው» እላለሁ። በዚህ መሀል ከኋላችን «ሃ... ሃ... ሃ...» የሚል ሳቅ ማጅራቴ ላይ አረፈ። ወዲያው አወቅሁት። ልጅ ሆነን ባየናቸው በአማርኛ ድምፅ በተተረጎሙ ፊልሞች ውስጥ ክፉ የተባለ ሁሉ የሚስቀው በዚያ ሳቅ ነበር። ዞር ስንል ጥቅል ጎመን በፌስታል ጭናቸው ላይ ያስቀመጡ፣ ሸምገል ያሉ ቀጭን ሰው ናቸው።

«ማንም ይሥራው ልጆቼ፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ለእናንተ የምስቀው እኔ ነኝ» አሉን።

ብሩክ አላስችል ብሎት «ጋሼ፣ እስቲ አሁን ደግሞ በራስዎ ሳቅ ይሳቁልን» አላቸው። ትንሽ አሰቡና አፋቸውን ከፈቱ። ያው ሳቅ ወጣ፤ ፊታቸው ግን አልሳቀም። ፊት ወንበር ላይ የነበረች ሕፃን እናቷ ጉያ ውስጥ ተሸጎጠች።

«ሌላ የለኝም» አሉ፣ ፌስታላቸውን እያስተካከሉ። «የመጀመሪያ ልጄ ተወልዳ ሲያሳቅፉኝም የወጣው ይኸው ነው። እናቷ ከእጄ ነጠቀቻት።»