የዜሮ ግማሽ

ከመቱ ወደ ጎሬ በሚኒባስ ስንነሳ አንድ ሰውዬ ናፍጣ የሞላ ጄሪካን እግሬ ሥር ሸጎጠና «አይፈስም፣ አይዞህ» አለኝ። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ግን ዝም አላሉም።

«መብራት ጠፍቶባችሁ ነው ልጄ?»

«ኧረ መብራቱስ አለ፣ እትዬ። ለማኅበራችን ጄኔሬተር ነው።»

«የምን ማኅበር?»

«የደን ጥበቃ። ረጂዎቻችን በዓመት ስንት ጭስ እንደምታወጡ ለክታችሁ በቅጽ ሞልታችሁ ላኩ አሉን።»

«ጭስ ደግሞ ይለካል?»

«በነዳጁ ሊትር ይሰላል። እኛ ደኑን የምንዞረው በእግራችን ነው፤ ዜሮ ብለን ላክን።»

«ጎበዞች! ተመሰገናችሁ?»

«ቅጹ ተመለሰብን። ለከርሞ በግማሽ መቀነስ ግዴታ ነው፤ ዜሮ ደግሞ ግማሽ የለውም።»

«ማል ጄታ! ምን ትላለህ! ታዲያ ምን ልታደርጉ ነው?»

«ጄኔሬተር ተዋስን። ዘንድሮ በደንብ አጭሰን ለከርሞ እንቀንሳለን።»

«እንቢ ብትሉስ?»

«ፕሮጀክቱ ይዘጋል፣ ጠባቂዎቹ ይበተናሉ። ደኑም በዓመቱ ከሰል ነው።»

ሴትዮዋ ወደ ጄሪካኑ ዞር አሉ።

«እንግዲያው አጭሱ ልጄ፤ ምን ይደረግ!»

እኔም ጎሬ እስክንደርስ ጄሪካኑ እንዳይደፋ በሁለት እግሬ አጥብቄ ይዤው ሄድኩ።