የዛገው መጥረቢያ

የካ ሚካኤል አጠገብ ሳይንስ ሳስተምር፣ ዝገት እንዴት እንደሚፋጠን እንዲያዩ ብዬ ተማሪዎቼን «ምስማር በጨውና በአቼቶ ዘፍዝፋችሁ አምጡ» አልኳቸው። ከሁለት ቀን በኋላ የአንዷ ተማሪዬ አባት፣ እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ እየቆረጡ የሚኖሩ ሰው፣ ዝገት የበላው መጥረቢያ ይዘው ክፍል ገቡ።

«ምስማር ብታጣ እንጀራ የምበላበትን ዘፈዘፈችው። ያዘዟት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ አባባ።»

«መንግሥት የቀጠረዎት ብረት እንዲያዝጉ ነው?»

«ለዚህ ሳምንት፣ አዎ» አልኩ።

«ማስለቀቁንስ ያውቃሉ?»

«መጽሐፉ ላይ የለም።»

መጥረቢያውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው አሸዋና የኑግ ዘይት አስመጡ። እሳቸው እያዘዙኝ፣ ተማሪዎቼ እያዩኝ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ስፈትግ ቆየሁ። ስለቱን በአውራ ጣታቸው ሞከሩና ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «መምህርሽ ጎበዝ ናቸው፤ ሲነግሯቸው ይገባቸዋል» አሏት።